በልጁ ፈንታ የሚጫወት መጫወቻ አትግዙ

ወገኖቼ፣ ቁልፉን ሲጫኑት የሚዘፍን፣ የሚያበራ፣ የሚሽከረከርና ፊደል የሚቆጥር መጫወቻ ገዝተን ስንገባ ለልጆቻችን ትልቅ ውለታ የዋልን ይመስለናል። እስቲ ልብ ብላችሁ እዩ፤ እዚያ ውስጥ የሚጫወተው ማን ነው? የሚዘፍነው መጫወቻው፣ የሚንቀሳቀሰው መጫወቻው፣ ታሪኩን የሚያወራውም መጫወቻው ነው። ለልጁ የተረፈችው ሥራ ቁልፍ መጫን ብቻ ናት። በሳምንቱ ሲሰለቸውና ሲጥለው ደግሞ «ይሄ ልጅ ምንም አይበቃውም» እያልን እሱኑ እንወቅሳለን። ጥፋቱ የልጁ አይደለም። መጫወቻው ያለውን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን አሳይቶ ጨርሷል።

«ያስተምራል» ተብሎ በካርቶኑ ላይ በመጻፉ አትታለሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት ከ10 እስከ 16 ወር የሆናቸው ሕፃናት ከወላጆቻቸው ጋር ሲጫወቱ የተነጋገሩትን ቀድቶ መርምሮ ነበር። ድምፅ የሚያወጡ የኤሌክትሮኒክስ መጫወቻዎች ሲቀርቡ የወላጆቹ ንግግር በመጽሐፍም ሆነ በተለመዱት መጫወቻዎች ጊዜ ከነበረው አነሰ፤ ለልጁ ድምፅ የሚሰጡት ምላሽም ቀነሰ። መጫወቻው ሲያወራ እኛ ዝም እንላለን። ቋንቋ እንዲያስተምር የተገዛው ዕቃ የቤቱን ሰው አፍ ዘጋ ማለት ነው።

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ዕቃውን በእጃችሁ ይዛችሁ ልጁ ምን ምን ሊያደርገው እንደሚችል ቁጠሩ። አምስት የተለያዩ ነገሮች ቶሎ ካልመጡላችሁ መልሱት። አንሶላ ድንኳን፣ ባሕር፣ ካባ፣ የታማሚ አልጋና የሱቅ ባንኮኒ ይሆናል። የሚናገር ሮቦት ግን ያው የሚናገር ሮቦት ነው። ቀጥሎ ባትሪው ቢያልቅ ምን እንደሚቀር ጠይቁ። የተቆራረጡ ምስሎችን የማገጣጠም ጨዋታ መልሱ አንድ ብቻ ስለሆነ ፈጠራ ከሚያሠለጥኑት መጫወቻዎች ጎራ አይገባም። መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም፤ ትዕግሥትና ዓይን ያሠለጥናል። ፈጠራ ግን ሌላ ሥራ ነው፤ አንዱን ሰጥታችሁ ሌላውን የሰጣችሁ አይምሰላችሁ።

አንድ ነገር ብቻ የምትገዙ ወይም የምታሠሩ ከሆነ የእንጨት ብሎክ ይሁን። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮበል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጨረሻ ለሕፃናት ትምህርት የእንጨት ኩቦች ማዘጋጀት ጀመረ። አሜሪካዊቷ ካሮላይን ፕራት ደግሞ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ዛሬም በብዙ መዋዕለ ሕፃናት የሚታየውን የብሎክ ልክ አወጣች። ምስጢሩ ልኩ ላይ ነው። መሠረታዊው ቁራጭ በግምት 14 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 7 ሴንቲሜትር ስፋትና 3.5 ሴንቲሜትር ውፍረት አለው። ሁለት ውፍረት አንድ ስፋት፣ ሁለት ስፋት አንድ ርዝመት ይሆናል። ሌሎቹ ቁራጮች የዚህ ግማሽ፣ እጥፍ ወይም አራት እጥፍ ናቸው። ልጁ አንድ ረጅም ቁራጭ ሲያጣ ሁለት አጭር አጋጥሞ ይተካል፤ ክፍልፋይን ስሙን ሳይሰማ በእጁ ያውቀዋል።

ለአንድ ልጅ 60 ቁራጭ ጥሩ መነሻ ነው፤ 30 መሠረታዊ፣ 12 ባለ 28 ሴንቲሜትር፣ 4 ባለ 56 ሴንቲሜትር፣ 8 ግማሽና 6 ባለ ሦስት ማዕዘን። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ቅስትና ሲሊንደር፣ መስኮት የተቀረጸበትና ቀለም የተቀባ ጣሪያ ያማርጣል፣ መሠረታዊውን ግን 10 ብቻ ይገዛል። በ10 ቁራጭ ግድግዳ አይቆምም። ዓይነቱን ቀንሱ፣ ብዛቱን ጨምሩ።

አናጢ ዘንድ የምታሠሩ ከሆነ ተከታተሉ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ጣውላው ላይ በየ14 ሴንቲሜትሩ አስቀድሞ ተሰምሮ ሲቆረጥ ነው። መጋዙ በእያንዳንዱ ቁረጥ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ስለሚበላ ቁራጮቹ እኩል አይወጡም። ከመጋዙ አጠገብ መቆሚያ ይታሰር፤ ጣውላው እየተገፋ መቆሚያውን ሲነካ ይቆረጥ፤ ያኔ ሁሉም አንድ ልክ ይሆናሉ። «1 ሚሊሜትር ምን ታመጣለች?» አትበሉ። ስምንት ስምንት ቁራጭ በተደረደረባቸው ሁለት ምሰሶዎች መካከል በየውፍረቱ 1 ሚሊሜትር ልዩነት ካለ ድልድዩ 8 ሚሊሜትር ያዘነብላል፣ ከላዩ የሚቀመጠውም ይንሸራተታል። ልጁ ደግሞ ስህተቱ የእንጨቱ መሆኑን አያውቅም፤ እኔ አልችልም ብሎ ይተወዋል። እንጨቱ በደንብ የደረቀ ይሁን፤ እርጥብ እንጨት ሲደርቅ በስፋቱና በውፍረቱ ይኮማተራል፣ በርዝመቱ ግን እምብዛም አይቀንስም፤ ስለዚህ ያ ሁሉ የልክ ዝምድና ይፈርሳል። ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠሩትን ቺፑድና ኤምዲኤፍ አታስቆርጡ፤ ጠርዛቸው ይፈረፈራል፣ ውሃ ሲነካቸውም ያብጣሉ። የጠርዙን ስለት በቁጥር 120 ብርጭቆ ወረቀት ገድላችሁ በ220 አለስልሱ፤ ነገር ግን ብዙ አታክቡት፣ የተከበበ ጠርዝ ሲደረደር አይረጋም። ቀለምና ቫርኒሽ አያስፈልግም። ያልተቀባ እንጨት የተሻለ ይያያዛል፤ ቀይ የተቀባ ቁራጭ ደግሞ ሳይታሰብ የእሳት አደጋ መኪና ሆኖ ይቀራል። ሲቆሽሽ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ እንጂ ውሃ ውስጥ አይነከር።

ክብደቱንም አስቡ። ከጠንካራ እንጨት የተሠራ አንድ መሠረታዊ ቁራጭ ወደ 240 ግራም ይመዝናል፤ ባለ 56 ሴንቲሜትሩ ወደ 1 ኪሎ ይጠጋል። ይህኛው ልጁ 3 ዓመት እስኪሞላው ይቆይ።

የሁለት ዓመት ልጅ ብሎኮቹን ከዚህ እዚያ ከማመላለስ በቀር ምንም ካልሠራበት አትደንግጡ፣ እጁንም ይዛችሁ ቤት አታሠሩት። መሸከም የመጀመሪያው ደረጃ ነው። ከዚያ መደርደርና መቆለል ይመጣል፣ ቀጥሎ ሁለቱን በሦስተኛው ማገናኘት፣ ዙሪያውን ማጠር፣ ከዚያ ግራና ቀኙን እኩል አድርጎ ማስጌጥ። ለሠራው ነገር ስም የሚያወጣው ዘግይቶ ነው። «ይሄ ምንድን ነው?» እያሉ ማጨናነቅ ስለዚህ ከንቱ ነው፤ ገና ምንም ላይሆን ይችላል። ይልቅ ያያችሁትን ተናገሩ፦ «ረጅሙን ከላይ አጋደምሽው»፣ «በዚህ በኩል መግቢያ ተውክለት»። ከጎኑ ተቀምጣችሁ ከእሱ የተሻለ ግንብ መገንባትም ይቅርባችሁ፤ የሱን ማፍረስ ማለት ነው።

ብሎክ ብቻውን ግንብ ነው፤ ነዋሪ ይፈልጋል። የጨርቅ አሻንጉሊት ስትመርጡ ፊቱ ብዙ ያልተጻፈበትን ያዙ፤ ሁልጊዜ የሚስቅ አሻንጉሊት አልቅስ ቢሉት አያለቅስም። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆኑ ሁለት ሦስት ጨርቆች ጨምሩ። ካባ አድርጎ የሚለብሳት ከሆነ አንገት ላይ አይታሰር፤ ሲጎተት በሚላቀቅ ቬልክሮ ይያያዝ። ባዶ ካርቶን፣ ክዳን፣ የገመድ ቁራጭና ለስላሳ ድንጋይ ያለ ገንዘብ ይገኛሉ፤ ገመዱ ከ22 ሴንቲሜትር አይርዘም።

እዚህ ላይ ግን ቸልተኝነት ልጅ ይገድላል። ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ፣ ሶፍት በተጠቀለለበት የካርቶን ቱቦ ውስጥ የሚያልፍ ማንኛውም ነገር አይሰጥ። ታላቅና ታናሽ በአንድ ክፍል የሚጫወቱ ከሆነ ልኩ የታናሹ ነው፤ የታላቁ ጥቃቅን ዕቃ ጠረጴዛ ላይ ይውጣ። ትንንሽ ጠንካራ ማግኔቶች ጭራሽ ቤት አይግቡ፤ ሁለት ከተዋጡ በአንጀት ግድግዳዎች መካከል ተሳስበው ይበሱታል። ውሃ ሲነካቸው የሚያብጡ ዶቃዎችም እንዲሁ፣ ሆድ ውስጥ አብጠው አንጀት ይዘጋሉ።

የመጫወቻ ሊጥም ቤት ውስጥ ይሠራል፦ 2 ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ደቃቅ ጨው፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ እስከ 1 ኩባያ ለብ ያለ ውሃ። ውሃው በአንዴ ከተጨመረ እጅ ላይ ይጣበቃል፤ በጥቂት በጥቂቱ ይሁን። ጨው ስለበዛበት ያገኘውን ሁሉ ለሚበላ ሕፃን አይሰጥ። የልብና የኮከብ ቅርጽ ማውጫ አብራችሁ አትስጡ፤ ጣቱ በቂ ነው።

ሌላው በሽታችን ብዛት ነው። በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ18 እስከ 30 ወር የሆናቸውን 36 ልጆች አንድ ጊዜ በ4፣ ሌላ ጊዜ በ16 መጫወቻ አጫወቷቸው። አራት ሲሆን በእያንዳንዱ ረዘም ላለ ጊዜና በተለያየ መንገድ ተጫወቱ። እኛ ግን ትልቅ ሣጥን ሞልተን ልጁ የታችኛውን ፍለጋ ሁሉንም ሲደፋው እንቆጣለን። አብዛኛውን ከዓይን አርቁ፣ በየሁለት ሳምንቱ ቀያይሩ፤ ብሎኩ ግን ሁልጊዜ ይኑር። ረጅም ጎኑ እንዲታይ ተደርጎ ዝቅ ባለ ክፍት መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ። የተጀመረ ግንብ ነገ እንዲቀጥል አንድ ጥግ ተዉለት። ለጨዋታውም ቢያንስ 45 ደቂቃ ሳታቋርጡ ስጡ፤ የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ዕቃ በማዘጋጀትና «አንተ ሾፌር ሁን» በመባባል ያልቃል።

ቤት ያሉትን ባለ ባትሪ መጫወቻዎች መጣል ግዴታ አይደለም። ባትሪያቸውን አውጡና መደርደሪያው ላይ መልሷቸው፤ ልጁ ራሱ እየነዳ የሚጫወትበት ከሆነ ይቆይ። የሳንቲም ቅርጽ ያላትን ክብ ባትሪ የያዘና ክዳኑ በብሎን የማይዘጋ ካለ ግን ዛሬውኑ ከቤት ይውጣ። ያቺ ባትሪ ከተዋጠች በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ልታቃጥል ትችላለችና፣ ልጁ ውጧል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ ምልክት ሳትጠብቁና ለማስመለስ ሳትሞክሩ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።