ለክቡር ቁጥር ሦስት፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከማይመለከትዎ ቦታ ሁሉ እጅዎን እንዲሰበስቡ ስለመጠየቅ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ፤ አንድ ጊዜ ብቻ።

ይህን የምጽፍልዎ ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር፣ በቆመ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ነው። ሁለት ተሳፋሪዎች ከኋላ ተቀምጠናል፤ ሹፌሩ ግን «አንድ ሰው የቀረው!» እያለ እርስዎን ይጠብቃል። እስኪመጡ ድረስ የሆዴን ልንገርዎ።

የተፈጥሮ ሕግ ነኝ እያሉ እንደሚያስወሩ ሰምቻለሁ። ጉልቻ ላይ እውነትዎን ነው። መሬቱ ቢጎረብጥም ሦስት ድንጋይ ድስቱን አያንገዳግድም፤ ሦስት ነጥቦች ምንጊዜም በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ያርፋሉና። ባለአራት እግሩ የቢሮዬ ወንበር ግን ወረቀት አጥፌ ከአንዱ እግሩ ሥር ካልሸጎጥኩለት ቀኑን ሙሉ ሲያወዛውዘኝ ይውላል። (በባጃጅ ግን አይኩራሩ፤ ኩርባ ላይ ሲፈጥን የሚሆነውን አይተናል።) ዘጌ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ሲሆኑ፣ በያሬድ ዜማም ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ሲባሉ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። እዚያ ቤትዎ ነው።

የእኔ ጠብ ምንም ሳይሸከሙ ከሚገቡበት ቦታ ነው። ትናንት ጎረቤቴ የዘጌ ቡና አፈላች። አቦሉ ዓይን የሚገልጥ ነበር፤ ቶናውም አላሳፈራትም። ከዚያ እርስዎ በበረካ ስም መጡ፤ የሲኒው መቀመጫ ወለል ብሎ እስኪታይ የቀጠነ፣ ስለ ቡና በሩቁ የሰማ ውኃ! ልነሣ ብል «በረካውን ሳትጠጣ? በረከት አይረገጥም!» ተባልኩ። ለዚያ ውኃ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥኩ።

አንድ አለቃ ነበረን፤ የሚናገረው ሁለት ነገር ብቻ ቢኖረውም «በሦስተኛ ደረጃ» ሳይል ከመድረክ አይወርድም። በሦስተኛ ደረጃ የሚለን «ከላይ የተጠቀሱት ሁለቱ እንዲተገበሩ» የሚል ነበር።

«ነገር በሦስት ይጸናል» ይባልልዎታል። መጽሐፉ ግን ለምስክርነት ሁለት ወይም ሦስት ነው ያለው። ሁለትን በየትኛው ስብሰባ አባረሯቸው?

ምስጢርዎንም ደርሼበታለሁ። ነገር አንዴ ሲነገረን እንሰማለን፤ ሲደገም እንጠረጥራለን፤ ሲሠለስ ግን «ሞላ» ብለን ማሰብ እናቆማለን። (ይኸው፣ እዚህም ገቡብኝ!) የቀረ ነገር ይኑር አይኑር ማን ይጠይቃል? አራተኛው ምክንያት ስንት ጊዜ ደጅ ላይ ቆሞ ቀርቷል።

ሦስተኛው ተሳፋሪ መጡ። ሙሉ ጆንያ ጤፍ ይዘዋል። ሹፌሩ «ወደ መሃል ጠጋ በል» አለኝ፤ ብዕሬን የማንቀሳቅስበት ክንድ ስላጣሁ እዚህ ላይ አቆማለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሁለት፣ ባሉበት
ለአራት፣ ባሉበት