አማካሪዋ ለቅሶ መጣች

ቦስተን ውስጥ ከሆስፒታል ሆስፒታል እየዞርኩ አስተረጉማለሁ። ካንሰር ክፍል ውስጥ አንዲት የሥነ ልቦና አማካሪ አለች። ታካሚዎቿ ሲሞቱ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም ነበር። «እነዚህ ፈረንጆች ልባቸው ድንጋይ ነው» ብዬ ደመደምኩ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት መኪናዋ ውስጥ ስታለቅስ አየኋት። ትንሽ ቆይታ ፊቷን ታጥባ ቀጣዩን ታካሚ አስገባች።

ፈረንጆቹ ለእንዲህ ያለው ሐዘን መላ አላበጁም አልልም። ኬኔት ሽዋርትዝ የሚባል የዚሁ ከተማ ጠበቃ እ.ኤ.አ. በ1995 በሳንባ ካንሰር ሞተ፤ ገና 40 ዓመቱ ነበር። ከመሞቱ በፊት የሐኪሞቹና የነርሶቹ ደግነት እንዴት እንዳበረታው ጽፏል። በስሙ የቆመው ማዕከል ከ1997 ጀምሮ አንድ ስብሰባ አስለምዷል። ሐኪሙም፣ ነርሱም፣ አማካሪውም አብረው ይቀመጣሉ። የሚወራው ስለ መድኃኒት ሳይሆን የታካሚው ነገር እነሱን ምን እንዳደረጋቸው ነው። ጥሩ ነው። ግን ሐዘን በቀጠሮ፣ ሳንድዊች እየተገመጠ... እኔ እንጃ።

አገር ቤት ይሻላል እንዳልል ደግሞ ጥቁር አንበሳ ትዝ ይለኛል። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው እዚያ ብቻ ነበር። ሲስተሯ አንዱን ሸኝታ ዞር ስትል ኮሪደሩ ጢም ብሏል። ቤተሰብ ደግሞ «በሽታውን ለሱ እንዳትነግሪው» ብሎ ምስጢር ያሸክማታል። ሰውየው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ እድርተኛው ይሰበሰባል። እሷን «እግዜር ያጽናሽ» የሚላት ግን የለም። ሐዘንተኛ መሆኗ ለማን ትዝ ይለዋል?

ባለፈው ጥር የኛ አገር ሴት፣ አንዲት እናት፣ አረፉ። አማካሪዋ ብዙ ወር አነጋግራቸዋለች፤ መሃል ላይ እኔ ነበርኩ። ልጆቻቸው «ትምጣልን» አሉ። እዚህ እንዲህ ያለው ነገር ብዙም አይለመድም፤ አለቃዋን አስፈቅዳ መጣች። ደጃፉ ላይ ክንዴን ያዝ አድርጋ «ምን ልበላቸው?» አለችኝ። ሰው በማነጋገር እንጀራዋን የምትበላ ሴት!

«ምንም። ገብተሽ ተቀመጪ» አልኳት።

ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ እናቶች ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጧት። አንዷ ንፍሮ ዘግነው እጇ ላይ አደረጉላት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ትንፍሽ ሳትል ተቀመጠች። ስንወጣ የተረፋትን ንፍሮ በሶፍት ጠቅልላ ኪሷ ከተተች።