ወፍራም ነፍሰ ጡር ስንት ኪሎ ትጨምር? ቁጥሩ በመጀመሪያው ቀን ይነገራት

አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ሴት ማርገዟ ሲሰማ ቤተ ዘመዱ መጀመሪያ የሚያስበው ምግቧን ነው። አማት ገንፎውን በቅቤ ታቀርባለች፣ እህት ወተቱን ታፈላለች፣ ጎረቤት «ምን አማረሽ?» እያለች ትመጣለች፣ ጉርሻው ከየአቅጣጫው ይዘረጋል። «ለሁለት ነው የምትበዪው» ይባላል። ፍቅር ነው፤ ክፋት የለበትም። ከማርገዟ በፊት ክብደቷ ከመጠን በላይ ለነበረ ሴት ግን ምክሩ ይጎዳል። የሚያሳዝነው፣ ለክትትል ጤና ተቋም ስትሄድም የሚያርምላት ሰው ብዙ ጊዜ አታገኝም።

የክትትል ሥርዓታችን የተቀረፀው የከሱትን ለይቶ ለመርዳት ነው። በቂ ምክንያትም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 22 በመቶው ከሲታ፣ ከመጠን በላይ የወፈሩት ደግሞ 8 በመቶ ነበሩ። ስለዚህ የነፍሰ ጡሯ ክንድ ይለካል፤ ዙሪያው ከ23 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ምክርና ድጋፍ ይከተላል። ክንዷ 34 ሴንቲ ሜትር የሆነችው ግን «ደህና ነሽ» ተብላ ታልፋለች። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ነገሩ እንደ አገሩ አይደለም፤ የወፈሩ ሴቶች ድርሻ ከአገር አቀፉ አሃዝ እጅግ ይበልጣል። ለዚች ከተማ የክንድ መለኪያው ብቻውን አይበቃም።

የሚያስፈልገው ቁጥር ቀላል ነው። ከእርግዝና በፊት የነበረውን ክብደት በኪሎ ወስዶ፣ በሜትር የተለካውን ቁመት በራሱ አባዝቶ፣ ማካፈል። ቁመቷ 1.60 ሜትር፣ ክብደቷ 74 ኪሎ የነበረች ሴት 74ን ለ2.56 ስታካፍል 28.9 ታገኛለች። የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ ውጤቱ ከ25 እስከ 29.9 የሆነ ሴት በጠቅላላው እርግዝና ከ7 እስከ 11.5 ኪሎ፣ 30ና ከዚያ በላይ የሆነች ከ5 እስከ 9 ኪሎ ብትጨምር ይመከራል። መካከለኛ ክብደት ላላት ሴት ከ11.5 እስከ 16 ነው። ይህ ሁሉ አንድ ልጅ ላረገዘች ነው፤ መንታ ሲሆን ሒሳቡ ይለያል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከግማሽ እስከ 2 ኪሎ፣ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ውጤቷ ከ25 እስከ 29.9 ለሆነችው ከ230 እስከ 330 ግራም፣ 30ና ከዚያ በላይ ለሆነችው ከ170 እስከ 270 ግራም ያህል ማለት ነው።

ሒሳቡ የሚበላሸው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው፣ ክትትል በአምስተኛው ወር ተጀምሮ የዚያን ቀን ክብደት እንደ መነሻ መያዝ ነው፤ እስከዚያ የጨመረችው ሁሉ ከሒሳቡ ይጠፋል። ሁለተኛው ሚዛኑ ነው። በእግረኛ መንገድ ዳር ልጆች ይዘውት የሚቀመጡት ሚዛን ጠቃሚ ነው፤ ግን ወጣ ገባ ድንጋይ ላይ ከተቀመጠ ያሳስታል፣ በጫማና በጋቢ ሲወጡበትም ይጨምራል። በሳምንት አንድ ቀን፣ በአንድ ሚዛን፣ በተስተካከለ ወለል ላይ፣ ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ በቀላል ልብስ መመዘን ይበቃል። በየቀኑ መመዘን ከጭንቀት በስተቀር የሚሰጠው የለም።

ይህን የሰማች አንዳንድ ሴት «እንግዲያው ልክሳ» ትላለች። አይሆንም። እርግዝና የመክሻ ጊዜ አይደለም። ቁርስ መተው፣ የማክሻ ሻይ መጠጣት፣ እንጀራን ጨርሶ ማቆም ፅንሱን ሊያቀጭጭ ይችላል። የሚፈለገው ጭማሪው እንዲዘገይ ነው፤ ያ ደግሞ የሚሠራው ወጥ ቤት ውስጥ ነው።

ከሁሉ በፊት ዘይቱ ይታይ። ለስድስት ሰው በሚሠራ ድስት ወጥ አንድ ብርጭቆ ዘይት፣ ማለትም 250 ሚሊ ሊትር፣ መጨመር በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ይህ ወደ 2,000 ካሎሪ ነው፤ ለስድስት ሲካፈል ለአንድ ሰው ወደ 340 ይደርሳል። መካከለኛ ክብደት ያላት ነፍሰ ጡር ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር በቀን ተጨማሪ ያስፈልጋታል የሚባለው ይህንኑ ያህል ነው። እንጀራው ሳይቆረስ፣ ሽሮው ሳይቆጠር፣ ተጨማሪው በዘይት ብቻ አለቀ ማለት ነው። ያንኑ ድስት በአራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ቢሠሩት ለአንድ ሰው የሚደርሰው 80 ካሎሪ ብቻ ነው።

ጣዕሙ እንዳይጎድል ቁሌቱን መታገስ ያስፈልጋል። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት፣ በለስላሳ እሳት፣ ተከድኖ ይበስላል፤ መያዝ ሲጀምር ውኃ ጠብ እያደረጉ ማማሰል ነው። በርበሬው ገብቶ በውኃ ከበሰለ በኋላ ዘይቱ በማንኪያ እየተለካ ይጨመራል። የሚከሽፈው እሳቱ ሲበዛ ነው፦ ሽንኩርቱ ያርራል፣ ይመራል፣ ያን ለማዳን ዘይት ይፈስበታል። በርበሬው ካልበሰለም ወጡ ጥሬ ጥሬ ይላል፤ አሁንም ዘይት ይጨመራል። ከጀሪካን በቀጥታ ማፍሰስ ሲቀር ግማሹ ችግር ይቀላል። ቅቤም ስብ ነው፤ በገንፎው መሐል ጉድጓዱን ከመሙላት አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል።

ቀጥሎ የማዕዱ ነገር። ከአንድ ትሪ በጋራ ሲበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም፣ ጉርሻው ደግሞ አይቆጠርም። ነፍሰ ጡሯ በራሷ ሳህን ብትበላ ይሻላል፦ ግማሹ ጎመን፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት ወይም ሰላጣ፤ ሩቡ ምስር፣ ሽሮ፣ እንቁላል ወይም በደንብ የበሰለ ሥጋ፤ ሩቡ እንጀራ። ድንች በዚህ አቆጣጠር ከእንጀራው ወገን ነው እንጂ አትክልት አይደለም፤ ድንች ወጥ በእንጀራ መብላት እንጀራን በእንጀራ እንደመብላት ነው። በእንግድነት «በሞቴ» ስትባል እምቢ ማለት ይከብዳታል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ለአማትና ለእህት መንገር ያለበት ባልዋ ነው። ክትፎና ዱለት ቢያምራትም ጥሬውን ወይም ለብ ለብ ያለውን አትብላ፤ በደንብ አብስሎ መብላት ነው። ለመክሰስ ንፍሮ ከቦምቦሊኖና ከሳምቡሳ ይሻላል።

በጁስ ቤቶች የሚሸጠው ስፕሪስ ጤናማ ይመስላል። በአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውስጥ ግን የሁለት ሦስት ሰው ፍሬ ተፈጭቶ ይገባል፣ ላዩ ላይ ስኳር ይጨመርበታል። አንድ ማንጎ ወይም ግማሽ አቮካዶ በማንኪያ ቢበላ ያጠግባል፤ ሲጠጣ አያጠግብም። 300 ሚሊ ሊትሩ የኮካ ጠርሙስ ከ30 ግራም በላይ፣ ወደ ስምንት የሻይ ማንኪያ የሚጠጋ ስኳር አለው። ቡናው ላይም ከአቦል እስከ በረካ በየሲኒው ሁለት ማንኪያ ከተጨመረ 24 ግራም ያህል ይሆናል። አቦሉን ያለ ስኳር ጠጥቶ ማቆም ይቻላል። የብረት ኪኒኗን ከቡናና ከሻይ ቢያንስ በአንድ ሰዓት አራርቃ ትዋጥ፤ አብረው ከሄዱ ብረቱ በሚገባ አይሰርጽም።

ጾምን ከማክሻ ጋር ማምታታት የተለመደ ስህተት ነው። እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ ተውሎ፣ ከዚያ ዳቦ በስኳር ሻይና ዘይት የበዛበት በያይነቱ ሲመጣ ክብደት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ነፍሰ ጡር ስለ ጾሟ ከንስሐ አባቷ ጋር አስቀድማ ትነጋገር። ከእንስሳት ተዋጽኦ ከታቀበች ቫይታሚን ቢ12 ሊጎድልባት ስለሚችል ለሐኪሟ ትንገር።

እንቅስቃሴን በተመለከተ ሐኪም ካልከለከላት በሳምንት 150 ደቂቃ በቂ ነው፤ በሳምንት አምስት ቀን፣ ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ የተሠራው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ለዚህ ምቹ ነው። ቸርችል ጎዳናን ወርዶ መመለሻውን በታክሲ ማድረግ ይቻላል፤ ዳገቱ በመጨረሻዎቹ ወራት ይከብዳል። ልኩ እየተራመዱ ማውራት መቻል ነው፤ ትንፋሽ አጥሮ ንግግር ከተቆራረጠ ፍጥነቱ ይቀነስ።

አሁን ወደ ጤና ተቋሙ እንመለስ። ክብደቷ ከመጠን በላይ የሆነች ሴት በመጀመሪያው ቀጠሮ የደም ስኳሯ መለካት አለበት፤ ሳታውቀው የቆየ ስኳር ሊኖር ይችላል። ደህና ቢሆንም ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት በባዶ ሆድ ተለክታ፣ 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥታ፣ ከአንድና ከሁለት ሰዓት በኋላ እንደገና ትለካለች። በባዶ ሆድ 92፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 180፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ 153 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ አንዱ ብቻ እንኳ ቢያልፍ፣ የእርግዝና ስኳር ነው። ሳይታወቅ ከቀረ ልጁ ከልክ በላይ ሊገዝፍ፣ በምጥ ጊዜም ትከሻው ሊያዝ ይችላል። ክብደት በድንገት፣ በሳምንት ከአንድ ኪሎ በላይ ከጨመረ፣ ፊትና እጅ ካበጠ፣ ራስ ምታት ከጠና ወይም ዐይን ብዥ ካለ ነገሩ የምግብ አይደለም። ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው የእርግዝና የደም ግፊት ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። 140 በ90 የደም ግፊት ድንበሩ ነው።

ለአዋላጅ ነርሶቻችንና ለጤና ቢሮው ያለን ጥያቄ ትንሽ ነው። በክትትል ካርዱ ላይ ቁመት ሳይለካ አይታለፍ፣ ከክብደቱ ጎንም «እስከ ወሊድ ይህን ያህል ኪሎ» የሚል አንድ መስመር ይጻፍ። «ወፍረሻል» ተብላ የተሰደበች ሴት ለሚቀጥለው ቀጠሮ ላትመጣ ትችላለች፤ ቁጥሯን ይዛ የወጣች ግን ሚዛኗን ራሷ ትከታተላለች።

በእርግዝናዋ ስኳር የተገኘባት እናት ከወለደች ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ የግሉኮስ ምርመራው ሊደገምላት ይገባል። ብዙዎች በአራስነቱ ግርግር ይረሱታል። ሕፃኑ ግን በ6ኛ ሳምንቱ ለክትባት መምጣቱ አይቀርም፤ የዚያን ቀን እናትየዋ ቁርስ ሳትበላ ትምጣ፣ አብራ ትለካ።