«የለም» ያልኩት ሙያ

ሰውየው ከቶርኖው፣ እንጨት እያሽከረከረ ከሚያስቀርጸው መሣሪያ ላይ ያወረደውን የእንጨት ቀለበት በቢላ ደግፎ በመዶሻ ነካ አደረገው። ቀለበቱ እንደ ድፎ ዳቦ ተቆረሰ። ቁራሹ ፈረስ ነው። እግር አለው፣ አንገት አለው፣ ጀርባው ሰርጎድ ብሏል። አጠገቡ ሌላ ቆረሰ፤ እሱም ፈረስ። ልጄ ጮኸች። እኔም፣ እውነቱን ለመናገር፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ቦታው ዛይፈን ይባላል። ከምኖርበት ከጀርመኗ ከተማ ከድሬስደን ወደ ደቡብ፣ የቼክ ድንበር ጥግ ላይ ያለች የተራራ መንደር ናት። ሰዎቿ ድሮ ቆርቆሮ የሚወጣበትን ማዕድን እየቆፈሩ ይኖሩ ነበር። ማዕድኑ ሲመናመን ወደ እንጨት ዞሩ። ማዕድን ይወቅጥ የነበረው ውሃ ቶርኖ ያሽከረክር ጀመር። መጀመሪያ ሳህንና የልብስ ቁልፍ፣ በኋላ የልጆች መጫወቻ ሠሩ። ያ ከ250 ዓመት በላይ የሆነው የውሃ ቶርኖ ቤት ዛሬም ደጅ ላይ በተዘረጋው የመንደሩ ሙዚየም ውስጥ ቆሟል። ይሠራል።

አሠራሩን ልንገራችሁ፣ እስካሁን አልወጣልኝም። እንጨቱ ፊሽተ የሚሉት የጥድ ዘመድ ነው። እንዳይሰነጠቅ ውሃ ውስጥ ያቆዩትና እርጥቡን ቶርኖ ላይ ያስሩታል። ሰውየው በአንድ ወገን ሆድና እግሩን በመሮ ያወጣል፤ ገልብጦ ጀርባና አንገቱን ያወጣል። ፈረሱን ግን አያየውም! የሚያየው የሚሽከረከር ቀለበት ብቻ ነው። አንገቱ ወፍሮ እንደሆነ የሚታወቀው ከተቆረሰ በኋላ ነው። ከአንድ ቀለበት እንደ መጠኑ 40ም 60ም እንስሳ ይወጣል። ከዚያ ጆሮና ጅራት ይጨመርለታል፣ ይቀባል።

ሥራውን ሲጨርስ ሰጋቱራውን ከክንዱ ላይ እያራገፈ ወደ እኔ ዞረ። «በእናንተስ አገር በቶርኖ እንጨት የሚሠራ ሰው አለ?»

«የለም» አልኩት።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። አጎቴ ደሴ ውስጥ ዕድሜውን የጨረሰው ቶርኖ ላይ ነው። የአልጋ እግር፣ የበርጩማ እግር፣ ዘነዘና፣ የረከቦት እግር ይሠራ ነበር። ከፀጉሩ ሰጋቱራ ጠፍቶ አያውቅም። «ዋንዛ ሰው ነው» ይል ነበር፣ ስለማያስቸግረው። ወይራ መሮ ይበላል፣ ባሕር ዛፍ ደግሞ ይሰነጠቃል። ዋንዛው እየተወደደ ሲሄድ በባሕር ዛፍ መሥራት ጀመረና ቀኑን ሙሉ ሲያማርር ይውላል።

እኛ ቤት ታዲያ አጎቴ ማስፈራሪያ ነበር። ውጤቴ ዝቅ ሲል «እሺ፣ አልማርም ካልክ ነገ አጎትህ ጋ ትገባለህ» ይሉኛል። ደንግጬ አጠናለሁ። አጥንቼም ይኸው ጀርመን ደረስኩ፤ እዚህ ደግሞ እንጨት የሚያዞር ሰው ለማየት ቲኬት ቆርጬ ገባሁ። ዛይፈን ያለ ወጣት ይህን ሙያ ሦስት ዓመት ተምሮ፣ ተፈትኖ ነው ወረቀት የሚያገኘው። «አጎትህ ጋ ትገባለህ» ብሎ የሚያስፈራራው ያለ አይመስለኝም።

አጎቴ ካረፈ በኋላ ከደሴ ተደወለልኝ። «ቶርኖውን ምን እናድርገው? ቦታ ይዟል።» ሥራ ላይ ነበርኩ። «እንደፈለጋችሁ» አልኩ። ቁራሌው በኪሎ ወሰደው። ዛይፈን ቆሜ የታወሰኝ ይሄ ነው። እነሱ የ250 ዓመቱን ያንቀሳቅሳሉ፣ እኛ የ30 ዓመቱን በኪሎ ሸጥን። እኛ ስል እኔን ማለቴ ነው።

የደኑም ነገር ከዚሁ አይለይም። እነ ድሬስደንና ዛይፈን ባሉበት ሳክሶኒ ክፍለ ሀገር ማዕድን ማቅለጫው ደኑን ሲጨርስባቸው፣ የፍራይበርግ የማዕድን ሹም የነበረው ካርሎቪትስ እ.ኤ.አ. በ1713 ከሚያድገው በላይ አትቁረጡ፣ የቆረጣችሁትን ተክሉ የሚል መጽሐፍ አሳተመ። እኛ ዘንድ እንጨት ሲያልቅ ከተማ ነበር የሚነሳው። ምኒልክም አዲስ አበባን ትተው አዲስ ዓለም ሊገቡ ጀምረው ነበር፤ ባሕር ዛፍ ደርሶ አስቀራቸው። የጥንቱን ጥድና ወይራ ማየት ያማረው ደቡብ ጎንደር ሄዶ የደብር ቅጥር ይግባ፤ ከቅጥሩ ውጪ እርሻ ነው። ቄሶቹን እግዜር ይስጣቸው። ጀርመኖቹም ቢሆኑ መላእክት አይደሉም፤ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የከሰል ጭስ የዚህን ተራራ ዛፍ ቁሞ እንዲደርቅ አድርጎታል። ግን መልሰው ተከሉ።

ስንወጣ ልጄ ሱቁ ውስጥ ጎተተችኝ። ፒፓ የያዘ የእንጨት ሰውዬ አለ። ከወገቡ ይከፈላል፤ ሆዱ ውስጥ ትንሽ የዕጣን ሾጣጣ ይለኮሳል፤ ጭሱ በአፉ ይወጣል። የገና ሰሞን እዚህ አካባቢ እያንዳንዱ ቤት አለ ማለት ይቻላል። ሾጣጣውን አሸተትኩት። የእማዬ ቡና! ከመተማ የመጣ ዕጣን ይሆናል ብዬ ለራሴ ወሰንኩ። ዋጋውን ሳይ ልመልሰው ነበር፤ የልጄን ፊት አይቼ ከፈልኩ።

ማታ ለእማዬ በቪዲዮ አሳየኋት። ሰውዬው ያጨሳል፣ እሷ ትስቃለች። «ዕጣን የሚያጨስ እንጨት! ጉድ እኮ ነው። ስንት ገዛኸው?»

ግማሹን ነገርኳት። ግማሹም በብር ሲመታ ሳቋ ቆመ።

«አንተ ልጅ» አለችኝ፣ «በዚህ ገንዘብ እኮ አጎትህ የስንት አልጋ እግር ይሠራልህ ነበር።»