ይድረስ ለክቡር ነጭ የፕላስቲክ ወንበር

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከመኪና ማቆሚያ ናፍቆት በስተቀር በጣም ደህና ነኝ።

የምጽፍልዎ ባለፈው አርብ ስለተገናኘንበት ጉዳይ ነው። ላያስታውሱኝ ይችላሉ፤ በቀን ስንቱ መኪና ፊትዎ ቀርቦ፣ እጅ ነስቶ ይመለሳል። ሰንበት ሊገባ አንድ ሰዓት ቀርቶት ነበር፤ አርብ ከሰዓት እዚህ እስራኤል፣ ናታንያ ከተማ ውስጥ መኪና ማቆም ምን እንደሆነ ለእርስዎ አልነግርዎትም። እናቴ አጠገቤ ናት። ጭኗ ላይ በፎጣ የተጠቀለለ የዶሮ ወጥ ድስት፣ እግሯ ሥር የሰንበት ዳቦ። ሰፈሩን ስድስት ጊዜ ዞርኩ። በሰባተኛው እርስዎን አየሁ፦ በሁለት መኪኖች መሀል፣ ሙሉ ቦታ ላይ ብቻዎን፣ አንድ እግርዎ በቡናማ ፕላስተር ተጠቅልሎ፣ መቀመጫዎ ላይ የትናንቱን ዝናብ አቁረው።

ወረድኩ። በሁለት እጄ አንስቼ እግረኛ መንገዱ ላይ አኖርኩዎት። ወዲያው ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ አንድ ካናቴራ የለበሰ ሰው በዕብራይስጥ ወረደብኝ። ለአማቼ የያዝኩት ነው፣ መልስ፣ የመጣህበት አገር መሰለህ እንዴ!

እናቴ መስኮቱን ዝቅ አደረገች። «ምን አለ ልጄ?»

«ሻባት ሻሎም፣ መልካም ሰንበት ነው የሚለው፣ እማ።»

አንገቷን አወጣች። «ሻባት ሻሎም የኔ ልጅ! እግዚአብሔር ያክብርህ!»

ሰውየው ግራ ገብቶት ዝም አለ። እኔም መልሼ አነሳሁዎት፤ ውሃው ሱሪዬ ላይ ፈሰሰ። ቦታዎ ላይ አቀናሁዎት። «ትንሽ ወደ ግራ» አለኝ ከላይ። ወደ ግራ አስጠጋሁዎት።

መቼም የከተማይቱን ታሪክ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። እ.ኤ.አ. በ1929 ጥቂት ሰዎች ብርቱካን ሊተክሉ ሲቆረቁሯት፣ አሜሪካዊው ባለጸጋ ናታን ስትራውስ ይረዳናል ብለው በስሙ ጠሯት ይባላል። «ናታን» ደግሞ በዕብራይስጥ «ሰጠ» ማለት ነው። ገና ያልመጣ ሀብታም ስም አስቀምጠው ቦታ ያዙለት። የእርስዎ ሙያ የተጀመረው ያኔ ይመስለኛል። ቀጥሎ የአልማዝ ሞራጆች ከተማ ሆነች፤ ዛሬ ከአልማዝ የሚወደደው አምስት ሜትር አስፋልት ነው።

ለነገሩ ወዴት ትስፋ? በምዕራብ ባህሩ አለ፣ ያውም ከገደል በታች፤ ኩርካር የሚሉት ያ የአሸዋ ድንጋይ በየክረምቱ በዝናብና በማዕበል እየተሸረሸረ ይናዳል። በምሥራቅ 2 ቁጥር አውራ ጎዳና አለ፤ እሱንም ዘላ ተሻገረችው። የቀረው በባህሩ ዳር ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ መዘርጋት፣ ከዚያ ወደ ላይ ነው። ከ200,000 በላይ ሰው ሆነናል። ዒር ያሚም የሚባለው ሰፈር ያሉት ማማዎች ምድር ቤት ፓርኪንግ ስላላቸው፣ መኪናዎቻቸው ከእኔ የተሻለ ይተኛሉ። የእኛ ባለ አራት ፎቅ ግን የተሠራው መኪና ያለው ሰው በጣት በሚቆጠርበት ዘመን ነው፤ ዛሬ እያንዳንዱ ቤት ሁለት ሁለት አለው።

ለነዋሪ የሚሰጠውን ተለጣፊ ለማግኘት ያንን ፎርም ሞልቻለሁ፤ የአርኖና፣ ማለትም የከተማው የቤት ግብር ወረቀት፣ የኪራይ ውል፣ መኪናው በስምህ ነው ወይ፣ ካልሆነ ለምን። ተሰጠኝ። በነፃ የመዞር መብት ነው። ሁለተኛ ረድፍ ላይ አቁሞ «ሬጋ»፣ አንዴ ቆይ፣ ብሎ ስለሚሰወረው ወንድማችን ደግሞ ሌላ ጊዜ። ሬጋ።

ያቆምኩት ገደሉ አፋፍ አጠገብ ነው። ከዚያ እስከ ቤት በእኔ እርምጃ ሃያ ደቂቃ፣ በእናቴ ጉልበት አርባ። በየመብራት ምሰሶው ሥር ቆም ትላለች፤ «ባህሩን ልየው ብዬ ነው» ትለኛለች፤ ባህሩ ከኋላችን ነበር። ሰንበት መንገድ ላይ ገባብን። እናቴ በዕድሜዋ ሰንበትን መንገድ ላይ የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ እስራኤል ለመሻገር ወደ ሱዳን ስትሄድ ብቻ ነበር።

ስማ፣ አንተ ሃያ ሼክል የማታወጣ ፕላስቲክ! አማችየው አልመጣም። ሌሊቱን ሦስቴ ተነስቼ በመስኮት አይቼሃለሁ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ቀትር ላይ፣ ከሰዓት። ቦታው ባዶ ነው፣ አንተ ተገትረሃል፣ የእናቴ ጉልበት አብጦ ትራስ ላይ ተሰቅሏል። ለማን ነው የያዝከው? ለማን?

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ክቡርነትዎ።

ቅዳሜ ማታ ሰንበት ሲወጣ መኪናዋን ላመጣ ሄድኩ፤ እናቴን ደጃፍ ላይ ጠብቂኝ ብያት ነበር። ስመለስ እርስዎ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ውሃውን በፎጣው ጠርጋ፣ ባዶ ድስቷን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቦታው መሀል። ፊት ለፊቷ አንድ መኪና መብራቱን አብርቶ ጡሩምባ ይነፋል። አማችየው መሆን አለበት። እናቴ እጇን አውለበለበችለት። «ሻቩዓ ቶቭ፣ መልካም ሳምንት የኔ ልጅ!»

እኔም ከኋላው ተሰለፍኩ። አልቸኮልኩም።

አክባሪዎ፣
ወደ ግራ ያስጠጋዎት ሰው