የተበላሸ ፒያኖ ማንንም ሊቅ አያደርግም

ሰሞኑን አንድ አነቃቂ ተናጋሪ ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች የሰጠው ሥልጠና ቪዲዮ ከስልክ ስልክ ሲዞር ነበር። ሰውዬው አሜሪካዊው የጃዝ ፒያኖ ተጫዋች ኪዝ ጃሬት ጀርመን አገር ኮሎኝ ከተማ ያቀረበውን፣ ተቀርጾም በአልበም የወጣውን ኮንሰርት ያነሳል። ፒያኖው ብልሽት ነበረበት፤ ጃሬት ግን ሳያጉረመርም ተቀምጦ ተጫወተ፤ ታሪክም ሠራ። እናንተስ ኮምፒውተሩ አረጀ እያላችሁ እስከ መቼ ታማርራላችሁ? አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ግን በሸቅኩ።

ሳያጉረመርም? ጃሬት እኮ አልጫወትም ብሎ ነበር! እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 24 ቀን 1975 ኮሎኝ ኦፔራ ቤት ሲደርስ ያዘዘው ትልቁ የቦዘንዶርፈር ፒያኖ የለም። የቀረበለት ለልምምድ የሚያገለግል ትንሽ ፒያኖ ነው። ቅኝቱ የተዛባ፣ ቀጭኑ ድምፅ የሳሳ፣ ባሱ የደከመ፣ ፔዳሉም በቅጡ የማይሠራ። ዝግጅቱን ያሰናዳችው የ18 ዓመቷ ቬራ ብራንደስ ለምናው ነው ሐሳቡን የቀየረው። ለነገሩ በማማረር ጃሬትን የሚያህል ሙዚቀኛ ማግኘት ይከብዳል። ታዳሚ ሲያስል ጨዋታውን አቋርጦ የሚቆጣ ሰው ነበር። የ«አታማርሩ» ምሳሌ ተፈልጎ እሱ ተገኘ?

ያ ፒያኖም እንደነበረ መድረክ ላይ አልወጣም። ባለሙያዎች ለሰዓታት ሲቃኙትና ሲጠጋግኑት ነው የዋሉት። የቀረጻ ባለሙያው ማርቲን ቪላንድም ደህና ማይክሮፎኖቹን ተክሎ ይጠብቅ ነበር። በአነቃቂዎቹ ትረካ ውስጥ እነዚህ ሰዎች የት ገቡ?

ደግሞ «በጥሩ ፒያኖ ቢሆን ኖሮ ይህ አልበም አይወለድም ነበር» ይሉናል። እሺ፣ ትንሽ ልስጣቸው። የፒያኖው ድክመት ጃሬትን ወደ መካከለኛው ድምፅ ገፍቶታል። ግራ እጁም አንዱን ምት እየደጋገመ እንዲያንከባልል አድርጎታል። ግን ያንን መላ ያመጣው ማን ነው? ፒያኖው? በ3 ዓመቱ ፒያኖ የጀመረ፣ እንደ አርት ብሌኪ፣ ቻርልስ ሎይድና ማይልስ ዴቪስ ካሉ የጃዝ ታላላቆች ጋር የተጫወተ ሰው ነው። ያለ ኖታ፣ ያለ ዝግጅት፣ ብቻውን ተቀምጦ ምሽቱን ሙሉ መፍጠርም ኮሎኝ ላይ አልጀመረውም። በ1973 ብሬመንና ሎዛን ላይ ያቀረበው በአልበም ወጥቷል። በ1976 ደግሞ ጃፓን ውስጥ በአምስት ከተሞች ተጫውቷል። እነዚያን አልበሞች ስሙና የፒያኖው ጤንነት ምን እንዳጎደለባቸው ንገሩኝ። ምንም! የኮሎኙ አልበም ከ3 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ከተሸጠለት በኋላስ ጃሬት «እባካችሁ የተበላሸ ፒያኖ ፈልጉልኝ» አለ? እንዲያውም በፒያኖ ምርጫ አስቸጋሪ ሰው ነበር። በየትምህርት ቤቱ ጥግ አቧራ የጠጡ፣ ቁልፋቸው የወላለቀ ፒያኖዎች በዓለም ሞልተዋል። የታለ አልበማቸው? ብልሽት ሊቅ የሚያፈራ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም ሊቅ ሆነን ነበር።

በነገራችን ላይ በቪዲዮው የአነቃቂው ተናጋሪ ማይክ አዲስ ነው። ፕሮጀክተሩም ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በተበጠሰ ማይክ ሲያነቃቃ ብናየው ጥሩ ነበር።

ይህን ታሪክ የሚወደው ማን እንደሆነ ልብ በሉ። ፒያኖ ተጫዋች ለፒያኖ ተጫዋች ሲያወራው አልሰማሁም። የሚወዱት በጀት የያዙት ናቸው። ሠራተኛው ወንበር ሲጠይቅ ኮሎኝ ይጠቀስለታል። ነርሷ ጓንት ስትጠይቅ ኮሎኝ። ዕቃ ላለመግዛት ከዚህ የረከሰ ሰበብ ከየት ይገኛል?

የዚያን ምሽት ከ1,400 የሚበልጥ ሰው ትኬት ቆርጦ ገብቷል። ኦፔራው እስኪያልቅ ተጠብቆ ኮንሰርቱ የተጀመረው ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ጃሬት እንቅልፍ አጥቶ፣ ጀርባውን እያመመው ተጫወተ። የታዘዘውን ትቶ ሌላ ፒያኖ ያቀረበው ኦፔራ ቤቱ ነው። ከዚያ ምሽት ተነስቶ ሥልጠና መስጠት የፈለገ ካለ፣ መጀመሪያ ፒያኖ አቅራቢዎቹን ይሰብስብ።