ማዳበሪያው የማን ነው?

ወገኖቼ፣ ዛሬ ስለ ቆሻሻ ልናገራችሁ ነው፤ ስለ ሃይማኖትም ልናገራችሁ ነው። ሁለቱን ባንድ አፍ ማንሳቴ ቅር የሚለው እንዳለ አውቃለሁ። ቅር ይበለው። ያገናኘናቸው እኛው ነን፤ በክምሩ አጠገብ አፍንጫችንን ይዘን ስናልፍ «እነሱ ናቸው እኮ የሚጥሉት» ባልን ቁጥር። «እነሱ» እነማን እንደሆኑ ማንም አይጠይቅም፤ የሚናገረውም የሚሰማውም ያውቃል። በመስጊዱ በኩል የቆመ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ያያል፣ በቤተ ክርስቲያኑ በኩል የቆመ ወደ መስጊዱ ያያል፤ ክምሩ ከመሃል ነው።

ከራሴ ልጀምር። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ማለዳ ከግቢያችን ስወጣ ውሻ የቀደደው ማዳበሪያ በራችን ላይ ተዘርግፎ አገኘሁ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። የሽንኩርት ልጣጩ፣ ዳይፐሩ፣ የራሰው ወረቀት በጎርፍ ተጎትቶ የቱቦውን አፍ ደፍኖታል። የሙስሊም ጎረቤቶቻችን በዓል ማግስት ነበር። እኔም ሳላጣራ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ፣ «በዓሉን አክብረው ጥራጊያቸውን ክርስቲያን ደጅ ይደፋሉ» አልኩ። ከሱብሒ ሶላት የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ቆመው ሰሙኝ። መልስ አልሰጡኝም። በከዘራቸው ጫፍ ክምሩን ገለጥ ገለጥ አደረጉና ጎንበስ ብለው አንድ ደብተር አወጡ። ሽፋኑ ላይ የልጄ ስም ከነክፍሏ ተጽፏል። ማዳበሪያው የእኛው ነበር፤ ከቤታችን ሰው አንዱ ማታ ይዞት ወጥቶ፣ ገንዳው ድረስ መሄድ ታክቶት፣ አጥር ጥግ አቁሞት ገብቷል። ሽማግሌው ደብተሩን በእጃቸው ጀርባ ጠረግ ጠረግ አድርገው ሰጡኝና «ስጣት፣ ገና ባዶ ገጽ አለው» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ የምገሥጻችሁ ከፍ ካለ ቦታ ቆሜ አይደለም። ግን እገሥጻችኋለሁ። ስለ መቻቻል ጉባኤ መጥራት እንወዳለን። አዳራሹ ይሞላል፣ የየእምነቱ አባቶች ከፊት ይደረደራሉ፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይጨበጨባል። ሰዉ ከወጣ በኋላ ከወንበሩ ሥር የቀረውን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ግማሹ የተጠጣ የውሃ ፕላስቲክ፣ የብስኩት ላስቲክ፣ «ተቻችለን እንኑር» የሚል የተረገጠ ወረቀት። እኔ አንዴ ዣንጥላዬን ረስቼ ስመለስ አየሁት። ሁለት ሴቶች ይጠርጋሉ፤ አንዷ አንገቷ ላይ ማተብ አለ፣ ሌላዋ ሒጃብ አድርጋለች። አንዷ የማዳበሪያውን አፍ ትከፍታለች፣ ሌላዋ ትጨምራለች። በጉባኤው አስተያየት ያልተጠየቁት እነሱ ብቻ ነበሩ።

ቃሉን ራሱን ተመልከቱት። «ቻል አድርገው» ስንል ታገሠው ማለታችን ነው። «ይህን ጭነት ትችለዋለህ?» ስንል ግን ትሸከመዋለህ ወይ ማለታችን ነው። እኛ የፊተኛውን ብቻ ይዘን መቻቻልን ጥርስ ነክሶ መተያየት አደረግነው፤ «ማን ማንን ይችላል!» ብሎ የሚቆጣው ሰው ቢበዛ አይገርመኝም። የኋለኛውን ፍቺ የረሳነው ጎን ለጎን ሆነን የምንሸከመው ነገር ስለጠፋ ነው። የሞላ በርሜል ግን አለ። አንድ ሰው አያነሳውም።

የካይሮን ነገር ስሙ። ከሙቀጠም ተራራ ሥር መንሺየት ናስር የሚባል ሰፈር አለ፤ ከተማው «ዘባሊን» የሚላቸው ቆሻሻ ሰብሳቢዎች ይኖሩበታል፤ አብዛኞቹ የግብፅ ኮፕት ክርስቲያኖች ናቸው። ሥራው የተጀመረው ግን በእነሱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1910 ግድም ከምዕራቡ በረሃ፣ ከዳኽላ የመጡ «ዋሒያ» የሚባሉ ሙስሊሞች ከሕንፃ ባለቤቶች ጋር እየተዋዋሉ የከተማውን ጥራጊ ይወስዱ ነበር። በ1940ዎቹ ከአስዩጥ አካባቢ ድሃ ክርስቲያን ገበሬዎች ሲመጡ ሥራውን ተከፋፈሉት፤ ውሉና ደንበኛው የዋሒያ፣ ማንሳቱና መለየቱ የዘባሊን። ትራፊው ለአሳማ ይሰጣል፤ ካርቶኑ፣ ጨርቁ፣ ፕላስቲኩ፣ ብረቱ በየዓይነቱ ተለይቶ ይሸጣል። ከሚሰበስቡት እስከ 80 በመቶ ያህሉን መልሰው ለጥቅም ያውሉታል ይባላል፤ ብዙ ባለ ማሽን ከተማ የማይደርስበት ነው።

ይህን ፍቅር ነው ብዬ አላቀርብላችሁም። ጥቅም ነበር፣ ንቀትም ነበረበት፤ ሸክሙ ሁልጊዜ በአንደኛው ወገን ትከሻ ላይ ነበርና። የእኛም አደጋ ይህ ነው፤ የአንዱ እምነት ልጆች ጠራጊ፣ የሌላው ልጆች አዛዥ ከሆኑ የሠራነው ሌላ አጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የካይሮ ቆሻሻ ለውጭ ኩባንያዎች ተሰጠ፤ ደጁ ድረስ የሚመጣለት የነበረ ነዋሪ መንገድ ላይ ወዳለ ገንዳ ውሰድ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሳማ ጉንፋን ሲወራ ደግሞ ወደ 300 ሺህ የሚጠጋው አሳማ በሙሉ እንዲወገድ ታዘዘ፤ የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች ስህተት ነው እያሉ። ዓመቱ ሳያልቅ ትራፊው በየጎዳናው በሰበሰ። የበሰበሰው አሳማ አርቢው ደጅ ብቻ አልነበረም፤ አሳማ የሚጸየፈውም ሰው ደጅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 ኤል ሲድ የሚባል፣ ዘሩ ከቱኒዚያ የሆነ ፈረንሳዊ ሰዓሊ ወደዚያ ሰፈር ገባ። ከዚያ አራት ዓመት ቀደም ብሎ በቱኒዚያዋ በጋቤስ ከተማ በመስጊድ ሚናራ ላይ የቁርኣን አንቀጽ የጻፈ እጅ ነው። በመንሺየት ናስር ወደ 50 በሚጠጉ ሕንፃዎች ግድግዳ ላይ፣ በዐረብኛ ፊደል፣ የእስክንድርያውን የቅዱስ አትናቴዎስን ቃል ጻፈ፤ የፀሐይን ብርሃን አጥርቶ ማየት የፈለገ አስቀድሞ ዓይኑን ይጥረግ የሚል። እያንዳንዱ ቤት የያዘው የፊደል ቁራጭ ብቻ ነው። ሙሉውን የሚያነበው ተራራው ላይ ወጥቶ ሰፈሩን በጠቅላላ ያየ ሰው ነው።

«ቆሻሻ ማንሳት የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው፣ ለዚህ አይደል የምንከፍለው?» የምትሉኝ አላችሁ። እውነታችሁን ነው፤ መኪናው የእነሱ ነው፣ ሳይመጣ ሲቀር መጠየቅም አለባቸው። ግን ማን ይጠይቅ? ለየብቻ የሚሄድ አቤቱታ ለየብቻ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2015 ክረምት የቤይሩት ማራገፊያ ተዘግቶ ከተማው በከረጢት ሲጥለቀለቅ፣ ሥልጣን በየእምነቱ በሚከፋፈልበት አገር የየእምነቱ ሰው አንድ አደባባይ ወጥቶ መሪዎቹን በሙሉ «ሸተታችሁ» አላቸው። ለዓመታት በስብሰባ ያልመጣ ኅብረት ነው፤ ሽታ አመጣው። ችግሩን ፈታው ወይ? ብዙም አልፈታውም። ሕዝቡ ግን እርስ በርስ መጠቋቆሙን ለጊዜውም ቢሆን ትቶ ነበር።

የማዘጋጃ ቤት ያልሆነ የእኛ ድርሻ ደግሞ አለ፤ መለየት። እርጥቡንና ደረቁን ባንድ ፌስታል ቋጥረን ስንወረውር ምን እንደምንሠራ እንወቅ። የምግብ ትራፊ አየር በማያገኝበት ሲታፈን የሚነድ ጋዝ ያወጣል፣ ፈሳሹም እየሰረገ ክምሩን ከሥር ያላላዋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀበረ። አንድ ወር ያህል ቆይቶ በስሪላንካዋ ኮሎምቦ የሜቶታሙላው የቆሻሻ ክምር ተናደ፤ ከ30 በላይ ሞቱ፣ ሰዉ አዲስ ዓመቱን እያከበረ ሳለ። የእነዚያ ተራሮች መነሻ የአንድ ቤት የአንድ ቀን ፌስታል ነው።

የሃይማኖት ማስረጃ የሚፈልግ ካለ እንደኔ እንደኔ ሩቅ አይሄድም። በሐዲስ ከእምነት ቅርንጫፎች ዝቅተኛው የሚጎዳን ነገር ከመንገድ ማስወገድ ነው ተብሏል። ዝቅተኛውን ሳንሠራ ስለ ከፍተኛው እንከራከራለን። በዮሐንስ ወንጌል አምስት ሺህ ሰው ከጠገበ በኋላ ትራፊው አንዳች እንዳይጠፋ ይሰብሰብ ተባለ፤ 12 መሶብም ሞላ። ተአምሩን እንሰብካለን፣ መሰብሰቡን እንዘልለዋለን።

አሁን ወደ ሥራው። የሰፈር ተራ ስናወጣ በየእምነቱ አንክፈለው፤ «ቅዳሜ የሙስሊሞቹ፣ እሁድ የእነ እከሌ» ከተባለ ውድድር ይሆናል፣ ከዚያም ሐሜት። ሁለት ሁለት ሆነን በቤት ቅደም ተከተል እንውጣ፤ ጎረቤት ከጎረቤት። በበዓል ማግስት ግን ይገልበጥ፤ ባለ በዓሉ ይረፍ፣ ሌላው ይጥረግ። የዓርብ ቀትርና የእሁድ ጠዋት ሥራ አይያዝ። በገንዳው አጠገብ ስብከት አይፈቀድም፤ የእኔንም ጨምሮ።

ስለ ገንዘቡ ባጭሩ፤ ፕላስቲኩና ካርቶኑ ይሸጣል፣ ሲሸጥ ይጻፍ፣ ከሁለት እምነት ሁለት ሰው ይፈርምበት፣ ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ጥቂት ብር የጠፋበት ወዳጅነት በጸሎት አይመለስም።

አንድ ነገር ግን ረጋ ብላችሁ ስሙኝ፤ ብዙ ጠብ ያየሁት እዚህ ላይ ነው። በቆሻሻው ውስጥ ወረቀት ይመጣል፤ የቁርኣን ጥቅስ ያለበት ገጽ፣ የቅዱሳን ሥዕል የታተመበት ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ፣ የተቀደደ መዝሙረ ዳዊት። የሚጥለው ብዙውን ጊዜ የራሱ የእምነቱ ሰው ነው፣ ልብ ሳይል። የሚያገኘው ግን ሌላው ነው፣ ከዳይፐር ጋር ተለጥፎ። ያን ጊዜ ሠራተኛው ምን ያድርግ? ቢጥለው ናቀ ይባላል፣ ቢያነሳው ምን ሊያደርግበት ነው ይባላል። ስለዚህ ከገንዳው በላይ፣ ዝናብ በማያገኘው ቦታ፣ ክዳን ያለው ንጹሕ ሳጥን ይሰቀል። ሁለት አይሁን፤ አንድ ሳጥን። የትኛውም የእምነት ጽሑፍ ያለበት ወረቀት እዚያ ይግባ፣ በወር አንድ ቀን ከመስጊዱና ከአብያተ ክርስቲያናቱ የተላኩ ሰዎች አብረው ይክፈቱት፣ የየራሳቸውን ለይተው ይውሰዱና እንደየሥርዓታቸው ይቅበሩት ወይም ያቃጥሉት። ሲለዩ የሌላውን ገጽ በእጃቸው ይይዛሉ። እንዴት እንደሚይዙት እርስ በርስ ይተያያሉ።

ሳጥኑን ሽማግሌው ጎረቤቴ ሠርተውታል፤ ድሮ አናጢ ነበሩ፤ የቀረው ቁልፉ ነው። የፊታችን ቅዳሜ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቱቦውን እንከፍታለን፣ ተረኞቹ እሳቸውና እኔ ነን። ደለሉ ጠንክሯል፤ አካፋ ሁለት ብቻ ነው ያለን። ጓንት ያለው ይዞ ይምጣ።